ያፌት ኤልዳና ኪሩቤል

ጋሽ ያፌት ሐሙስ ጠዋት በሦስት ሰዓት አረፉ። ከቀትር በፊት የብሎክ 14 እድር ጸሐፊ ኤልዳና የእድሩን ላፕቶፕ በነጠላዋ ሸፍና ወደ አራተኛ ፎቅ ወጣች። የወጣችው በደረጃ ነው፤ ሊፍቱ አልተቀበላትም። «ቀደም ብለው ወጥተዋል» አላት፣ በማይቆጣ፣ በማይስቅም ድምፁ። እንደ እሱ አቆጣጠር ልክ ነበር። ጋሽ ያፌት ማክሰኞ ወጥተው ከዚያ ወዲህ አልወረዱም።

የመጣችበት ጉዳይ ቀላል መሆን ነበረበት። በ2086 ዓ.ም. ሰው የሚቀበረው በቀብር ፈቃድ ነው። ፈቃዱ የሚጠየቀው በእድር ላፕቶፕ ነው፤ ላፕቶፑ የሚከፈተው ደግሞ በጣት አሻራ ነው። ሰው ባረፈ በማግሥቱ እስከ ዐሥር ሰዓት ፈቃድ ካልወጣለት ሬሳው «ጠያቂ የሌለው» ተብሎ ይመዘገባል፤ ነጩ መኪና ይመጣና ከኮረብታው ጀርባ ወዳለው እቶን ይወስደዋል። አመዱ በጣሳ ታሽጎ ለቅርብ ዘመድ ይላካል። ጋሽ ያፌት ግን የቅርብም የሩቅም ዘመድ አልነበራቸውም። የነበራቸው እድር ብቻ ነው።

በግንቦት አንድ ቀን ደረጃው መሃል ቆመው ትንፋሻቸውን ሲሰበስቡ፣ «ኤልዱ» ብለዋት ነበር። «ሞቱስ ይምጣ፣ ለማንም አይቀር። ያ እቶን ግን ያስፈራኛል። አፈር አልብሺኝ። አደራ።»

«ምን ያሟርቱብናል ጋሼ!» ብላ ተቆጥታቸው ነበር። ብትቆጣም አደራውን ተቀብላለች።

ክፍሉ ውስጥ የእድሩ ንብረት ያዥ ኪሩቤል አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ያለቅሳል። ሬሳው ታጥቦ ተገንዟል፤ ቀኝ እጅ ብቻ ከግንዙ ወጣ ብሎ ቀርቷል። ኤልዳና እጁን ስታየው ኪሩቤል ምን አስቦ እንዲህ እንዳደረገ ገባት። ላፕቶፑን ወንበር ላይ አስቀምጣ ከፈተችው። ስክሪኑ «የመጀመሪያውን ጣት ያሳርፉ» አለ። የመጀመሪያው ጣት የጋሽ ያፌት ነው።

ነገሩ የተበላሸው ከሦስት ዓመት በፊት፣ ላፕቶፑ አዲስ የመጣ ዕለት ነው።

ላፕቶፑ የሚሠራበት ሥርዓት ደቦ ይባላል። ደቦ ባለቤት የለውም፤ የሁሉም ነው። ኮዱ ክፍት ስለሆነ የፈለገ ያነበዋል፣ የቻለ ይጠግነዋል። በየከተማው ያሉ ጠጋኞች የሚባሉ በጎ ፈቃደኞች አንዱ በዚህ፣ ሌላው በዚያ እየጣፉ ሃምሳ ዓመት አቆይተውታል። ላፕቶፑ ከመምጣቱ በፊት የእድሩ መዝገብና ማኅተም የሚቀመጡት በብረት ሳጥን ነበር። ሳጥኑ ሦስት ቁልፍ አለው፤ አንዱ በእድሩ ዳኛ በጋሽ ያፌት፣ አንዱ በጸሐፊዋ፣ አንዱ በንብረት ያዡ እጅ። ከሦስቱ አንዱ ከቀረ ሳጥኑ አይከፈትም። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ከዚያ ሳጥን አንዲት ብጣሽ ወረቀት ጠፍታ አታውቅም፤ ሦስቱም ይኮሩበታል።

ላፕቶፑ መጀመሪያ ስም ጠየቃቸው፤ ለስሙም ሦስት ባዶ ሳጥኖች አሳያቸው። ድሮ ከሳጥኖቹ በላይ «ስም»፣ «የአባት ስም»፣ «የአያት ስም» የሚል ነበረ፤ አንድ ጠጋኝ ለዓይን ቀለል ይበል ብሎ ጽሑፉን አንሥቶታል። ሦስት ሳጥን፣ ሦስት ሹም፤ ምን ያጠያይቃል? ጋሽ ያፌት «ያፌት» ብለው ጻፉ። ኤልዳና ከጎን «ኤልዳና» አለች። ኪሩቤልም የድርሻውን ጨመረ። በእነሱ የልጅነት ዘመን ሕፃን ሁሉ እንዲህ ነበር የሚባለው፤ ዛሬ የሽማግሌና የአሮጊት ስም ሆኖ ቀርቷል።

ቀጥሎ «ጣትዎን ያሳርፉ» አለ። ጋሽ ያፌት ሌባ ጣታቸውን አሳረፉ።

«ያንሱ። እንደገና ያሳርፉ።»

ጋሽ ያፌት ላፕቶፑን ወደ ኤልዳና ገፋ አደረጉት። «ተራው ያንቺ ነው።»

«እኔን ነው እንዴ የሚለው? እርስዎን መሰለኝ።»

«አንድ ሰው ብቻውን የእድር ንብረት ሲከፍት የት አይተሻል? ይልቅ አሳርፊ።»

አሳረፈች። እንደገና ሲል ኪሩቤል አሳረፈ። እንደገና ሲል ወደ ጋሽ ያፌት ተመለሰ። ዐሥራ ሁለት ጊዜ ጠየቃቸው፤ አራት ዙር ዞሩለት። ሌላ ማሽን ቢሆን ገና በሁለተኛው ጣት ይጮህ ነበር። ደቦ ግን አልጮኸም፤ ከዓመታት በፊት አንድ ደግ ጠጋኝ ድንጋይ ሲጠርቡና ሲሚንቶ ሲያቦኩ አሻራቸው የተፋቀ ሠራተኞችን አስቦ፣ አስቸጋሪ ጣት ሲያጋጥመው እንዲታገሥ አድርጎ ጽፎታል። ታገሠ። በመጨረሻም «ምዝገባው ተሳክቷል። እንኳን ደህና መጡ፣ ያፌት ኤልዳና ኪሩቤል» አላቸው። ሦስቱም አጨበጨቡ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ላፕቶፑ ሦስቱም ተራ በተራ ካልነኩት አይከፈትም። እንደ ሳጥኑ ሆነላቸው፤ ደስ አላቸው። በማግሥቱ ግን ለሦስቱም አንድ ዓይነት መልእክት ደረሳቸው፦ «አንድ ሰው በሦስት መዝገብ ተመዝግቦ ተገኝቷል። ድግግሞሹ ተወግዷል። ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን።»

«ምን ማለት ነው?» አለች ኤልዳና።

«አመስግነውናል እኮ» አለ ኪሩቤል። «ክፉ አልተናገሩንም።»

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። መስከረም ሳይጠባ ሰውን በጣት አሻራ የሚለየው ሊፍት አንዳቸውን ካወጣ ሌሎቹን አላወጣ አለ፤ የወጣ ሰው ሳይወርድ እንደገና አይወጣማ። ኤልዳና የደም ግፊት ክኒኗን ልትወስድ ጤና ጣቢያ ስትሄድ «ዛሬ ጠዋት ወስደዋል» አሏት። የወሰደው ደም ግፊት የሌለበት ኪሩቤል ነው፤ «መድኃኒትዎ ደርሷል» ሲሉት እንቢ ማለት ከብዶት ተቀብሎ ኪሱ ከቷል። ከዚያ ወዲያ ክኒኗን ከኪሩቤል ኪስ ትወስድ ጀመር። ኪሩቤል በዓይኑ ሞራ ምክንያት ሁለት ዓመት ወረፋ ጠብቆ የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ሲወጣለት፣ ቀጠሮው የወጣው በያፌት ኤልዳና ኪሩቤል ስም ነበር። ነሐሴ ዐሥራ ሁለት።

አቤት ብለዋል። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ኮዱ ክፍት ነው። ስህተት ካገኙ ማስተካከል ይችላሉ።» ኤልዳና አንድ ሰሞን ከፍታ አየችው። አርባ ሚሊዮን መስመር ነው። ሦስት ቀን አነበበች፤ በአራተኛው ቀን ራሷን አሟት ዘጋችው። የተደበቀባት ነገር አልነበረም፤ ሁሉም ፊት ለፊቷ ተዘርግቷል፤ ግን አንዱም አልገባትም። ከዚያ ሦስቱም ለመዱት። ሊፍት ሲሳፈሩ አብረው ይሳፈራሉ፤ አብረው ሲገቡ እንደ አንድ ሰው ስለሚቆጥራቸው ዝም ይላል።

ኪሩቤል የጋሽ ያፌትን ሌባ ጣት ቀስ ብሎ አንሥቶ አሻራ ማንበቢያው ላይ አሳረፈው።

«ጣትዎ ቀዝቅዟል» አለ ላፕቶፑ። «እባክዎ እጅዎን ያሙቁ።»

ኪሩቤል ጣቱን በሁለት መዳፉ መሃል አስገብቶ ያሸው ጀመር። እስትንፋሱን እፍ እፍ አለበት። እንደገና አሳረፈው። ቀዝቅዟል። ኤልዳና ፎጣ በሞቀ ውኃ ነክራ አመጣች፤ ጠቀለሉት፣ ጠበቁ፣ አሳረፉት። ቀዝቅዟል። ማሽኑ የደም ትርታ እንደሚፈልግ ሁለቱም ያውቃሉ፤ ቢያውቁም አላቆሙም። «ጋሼ፣ እንደው ለአንዲት ደቂቃ» አለ ኪሩቤል ሬሳውን። «አንዲት ደቂቃ ብቻ።» ኤልዳና ፊቷን አዙራ አለቀሰች። ሙሉ ቀኑ በዚህ አለፈ።

ዓርብ ጠዋት በሦስት ሰዓት ጠጋኞቹ ዘንድ ደወለች። ኤክራም የምትባል የጅማ ልጅ አነሣች። ከኋላዋ ሽንኩርት ሲቁላላ ይሰማል።

«እኔ እንኳ የአሻራ ክፍሉ አይደለሁም እማማ» አለች ኤክራም ሁሉንም ከሰማች በኋላ። «እኔ የፊደል ቅርጽ ነው የምጠግነው። ዛሬ ተረኛ ስለሆንኩ ነው። ቆይ ልየው።»

«የአሻራውን የጻፈው ሰው የለም ልጄ? እሱን ብታገናኚኝ።»

«እሱ ከስድስት ዓመት በፊት ሞቷል። ነፍሱን ይማረውና ጎበዝ ነበር፤ ኮዱ በጣም ንጹሕ ነው።» ማማሰያ ድስት ሲነካ ይሰማል። «እማማ፣ አንዴ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እርስዎ የቶቹ ነዎት?»

«እንዴት?»

«እዚህ የማየው አንድ ሰው ነው። ያፌት ኤልዳና ኪሩቤል። ከእሱ የትኛው ነዎት?»

«መሃሉ» አለች ኤልዳና።

«እሺ። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው፣ ሦስት ሰው ናችሁ ብዬ እንዲለያዩአችሁ ሐሳብ አቀርባለሁ። ሐሳቡ ለውይይት ዘጠኝ ቀን ይቆያል።»

«እኛ ያለን እስከ ዐሥር ሰዓት ነው።»

«አውቃለሁ። ሁለተኛው የሞት ማሳወቂያው ነው። ላፕቶፑ ሳይከፈት፣ ከታች በቀኝ በኩል አለ። ማንም ይነካዋል፤ አንድ ንክኪ ይበቃል። ባለቤቱ ሞተ ይልና የቀብር ፈቃዱን እዚያው ያወጣል።»

«እግዚአብሔር ይስጥሽ! ይኸው አይደል እንዴ!»

«እማማ፣ ቆይ» አለች ኤክራም። ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ሞተ የሚለው ባለቤቱን ነው። ባለቤቱ ደግሞ እናንተ ሦስታችሁ ናችሁ።»

ኤልዳና ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችው፤ መልሳ አስጠጋችው። ስለ ሊፍቱ ጠየቀች። ስለ መድኃኒቱ ጠየቀች። ስለ ቤቱ ጠየቀች፤ የሟች ቤት በአርባኛው ቀን ለተረኛ እንደሚሰጥ እሷም ታውቃለች፤ በእድሩ ጸሐፊነቷ ስንቱን ቤት አስረክባለች። መመለሻ አለው ወይ አለች። ኤክራም ቅጽ አለ አለቻት፤ በስህተት ሞቱ የተባሉ ሰዎች የሚሞሉት ቅጽ። የሚሞላው ግን ሰውየው ራሱ በጣቱ ከገባ በኋላ ነው።

«እና ከሞተ እንዴት ይገባል?»

«አይገባም» አለች ኤክራም። «እኔም አሁን ሳየው ገረመኝ። የመለያያውን ሐሳብ ግን አቀርበዋለሁ። ወላሂ አቀርበዋለሁ እማማ።»

ኪሩቤል ሁሉንም ሰምቷል። ከአልጋው ጫፍ ብድግ አለ።

«አይሆንም» አለ። «ኤልዱ፣ እኔ ዓይኔን አላሠራሁም። ነሐሴ ዐሥራ ሁለት! ሁለት ዓመት ጠብቄ! ፊትሽ እንኳ አሁን የሚታየኝ በጭስ ውስጥ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ጋሼን እወዳቸዋለሁ። ግን እሳቸው ሞተዋል። እኛ አልሞትንም!»

«አውቃለሁ አልኩህ እኮ ኪሩ።»

በሩን ሳይዘጋው ወጣ። ግድግዳውን እየዳበሰ በደረጃው ሲወርድ ኮቴው ለረጅም ጊዜ ተሰማ።

ኤልዳና ከሬሳውና ከላፕቶፑ ጋር ቀረች። ማሳወቂያው ከታች በቀኝ በኩል አለ፤ ትንሽ፣ ግራጫ። አንድ ንክኪ ይበቃል። ኪሩቤል የለም፤ ብትነካው የሚከለክላት የለም። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ግን ያለ ሌሎቹ ቁልፍ አንድ ነገር ከፍታ አታውቅም። ደግሞስ ከነካችው የምትሞተው የቷ ናት? እሷ እዚህ ተቀምጣለች፤ ጉልበቷን ያማታል፤ ከትናንት ጀምሮ ስላልበላች ሆዷ ይጮኻል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል ነበር፤ ወረቀት ቀርቶ ማሽን መጣ፣ ያው ነው። አንዴ ሞታለች ካለ ሆዷ መጮኹን ለማን ታስረዳለች? ስድስት ሰዓት ሆነ። ስምንት ሰዓት ሆነ። በመስኮት ቁልቁል ስታይ ቀብር ነጋሪዋ ድሮን የእድሩ መጋዘን ጣሪያ ላይ ተቀምጣ ስም እስኪሰጣት ትጠብቃለች። ለጋሽ ያፌት «ምን ላድርግ ጋሼ?» አለቻቸው። ፈራች፤ እንዲህ ፈርታ አታውቅም።

ከዘጠኝ ሰዓት ተኩል በኋላ ነጩ መኪና ብሎኩ ፊት ለፊት መጥቶ ቆመ። ሞተሩን አጠፋ። ቀድሞ መድረሱ ነው፤ እስከ ዐሥር ሰዓት ይጠብቃል።

ያኔ ከታች የብረት ኳኳታ ተሰማ። ኤልዳና ወደ መስኮቱ ሄደች። ኪሩቤል የእድሩን ድንኳን ብቻውን ከመጋዘን ጎትቶ አውጥቶ፣ ቋሚዎቹን በጣቱ እየዳሰሰ ይተክላል። ከሁለተኛ ፎቅ ሔመንና ሌሎች ጎረቤቶች ወርደው ገመድ ይዘውለታል። አንዱ ቋሚ ሲቆም ላቡን ጠርጎ ወደ ላይ ቀና አለ፤ እንደማያያት ታውቃለች፤ ወደ መስኮቷ ነው ያየው ግን። ከዚያ እንደገና በደረጃው ወጣ። ሊፍቱ አሁንም አልተቀበለውም።

«ድንኳን ሳይተከል ቀብር የለም» አለ በሩ ላይ ቆሞ እያለከለከ። «እኔ ንብረት ያዥ ነኝ። የእኔን ሥራ ጨርሻለሁ።»

«ዓይንህስ?»

«ዓይኔን ተዪው። ለምን እስካሁን አልነካሽውም?»

«ያለ አንተ?»

ኪሩቤል ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ልቅሶ ሊሄድ ሲል ያዘው። «ነይ እሺ» አለ። «በተራ ነው።»

የጋሽ ያፌትን ጣት አነሡ። ግራጫው ምልክት ላይ አሳረፉት። ላፕቶፑ ስለ ቅዝቃዜ ምንም አላለም፤ ለሞት ማሳወቂያ ሙቀት አይጠየቅም። ኤልዳና ሁለተኛ አሳረፈች። ኪሩቤል ሦስተኛ። አንዱ እንደሚበቃ ሁለቱም ያውቁ ነበር።

ፈቃዱ ወዲያው ወጣ። «የሟች ሙሉ ስም፦ ያፌት ኤልዳና ኪሩቤል። የሬሳ ብዛት፦ አንድ።» ነጩ መኪና ሞተሩን አስነሥቶ ሄደ። ድሮኗ ከጣሪያው ተነሥታ በብሎኮቹ መሃል እየዞረች ስሙን ለፈፈች፤ በየመስኮቱ ሰው ወጥቶ እርስ በርሱ ተያየ። ማነው የሞተው? ሦስቱም ናቸው እንዴ? አንዷ የሦስተኛ ፎቅ ሴት ደረቷን እየደቃች ስትወርድ ኤልዳናን ደረጃው ላይ አገኘቻት፤ ጮኸች፤ ከዚያ አቅፋ ሳመቻት፤ ከዚያ «እግዚአብሔር ያጥናሽ» አለቻት።

ጋሽ ያፌት ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ አፈር ለበሱ። ኤልዳና የመጀመሪያውን ጭብጥ አፈር ራሷ በተነች። «አደራዎን ተወጣሁ ጋሼ» አለች። በዚያች ደቂቃ ቤቱንም፣ ክኒኑንም፣ ሊፍቱንም አላሰበችም። ልቧ አረፈ።

ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ የእድሩ ስም ይጠራል። የቀረ ይቀጣል፤ ይህ ከጥንት ያልተለወጠ ነው። ሠላሳ ዓመት የጠራችው ኤልዳና ነበረች። አሁን ላፕቶፑ ለተተኪ ተላልፏል፤ ሔመን ዐሥራ ሁለቱንም ጊዜ በአንድ ጣቷ፣ ብቻዋን አስመዝግባለች፤ ምንም አላስቸገራትም። ላፕቶፑ ራሱ ይጠራ ጀመር። ኤልዳና ቅደም ተከተሉን በቃሏ ታውቀዋለች፤ ከአቤኔዘር በኋላ እሷ ናት። ጉሮሮዋን ጠረገች።

«አቤኔዘር።»

«አለሁ።»

«ኤፍራታ።»

«አለሁ» አለች ኤፍራታ፤ ብላም ኤልዳናን ዘወር ብላ አየቻት።

ስሞቹ ቀጠሉ። ኪሩቤል የሚባልበት ቦታ ሲደርስ ኪሩቤል አፉን ከፈተ፤ ስሙን አልፎት ሄደ። ሃምሳ ሰባቱ ስም ሲያልቅ ላፕቶፑ «ሁሉም ተገኝተዋል» አለ።

«አለሁ» አለች ኤልዳና።

ሔመን ግራ ተጋብታ ላፕቶፑን አንሥታ ወደ እሷ አመጣችው፤ ምናልባት ብታየው፣ ምናልባት ብትነካው የሚል ነገር አጉተመተመች። ስክሪኑ «ጣትዎን ያሳርፉ» ይላል። ኤልዳና የመቃብሩን አፈር በቀሚሷ ጠርጋ ጣቷን አሳረፈች።

«ጣትዎ ቀዝቅዟል። እባክዎ እጅዎን ያሙቁ።»

ኤልዳና ጣቷን አንሥታ ጉንጯ ላይ አደረገችው። ሙቅ ነበር። እንደገና አሳረፈች፤ እንደገና ያንኑ አላት። ሰዉ ሁሉ እሷን ያያል። ኪሩቤል ከወንበሩ ተነሥቶ ሰዎችን እየዳበሰ መጣና አጠገቧ ተቀመጠ። እጇን ፈልጎ አገኘው፤ ጣቷን በሁለት መዳፉ መሃል አስገብቶ ያሸው ጀመር፣ እፍ እያለበት።